ለድሩይድ ምን ይገዛ? ሽመል ወይስ ጎራዴ፣ የለፋ ቆዳ ወይስ ጥሬ ቆዳ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በድሩይድ፣ ማለትም በተፈጥሮ አስማተኛ፣ የሚጀምር ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ጎራዴ ላይ ነው። ኪሱ ግን ያን ያህል አይደለም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የጨዋታው ሕግ ሁለት ባለ 4 ጎን ዳይስ ጥሎ ድምሩን በ10 ሲያባዛ የሚመጣውን ያህል ወርቅ ያገኛል፤ በ2024ቱ ደግሞ የተዘጋጀለትን መነሻ ዕቃ ከተወ 50 ወርቅ ይሰጠዋል። ጎራዴው ብቻውን 25 ወርቅ ይበላል፣ ሽመል 2 ብር ነው (10 ብር 1 ወርቅ ነው)። በአንድ እጅ ሲመቱባቸው የሁለቱም ጉዳት በባለ 6 ጎን ዳይስ ነው የሚለካው።

ለጎራዴ የሚሟገቱ «በቅልጥፍና ይመታል» ይላሉ። ልክ ነው፤ ከገጸ ባሕርይው የችሎታ ነጥቦች ግን የድሩይድ ጉልበት ያለው ቅልጥፍና ላይ ሳይሆን ጥበብ ላይ ነው። ሺሌሊ የምትባለውን ድግምት የያዘ ድሩይድ ሽመሉን ወይም ቆመጡን ለ1 ደቂቃ በጥበቡ ይመታበታል፤ ጉዳቱም ባለ 8 ጎን ዳይስ ይሆናል፣ ያውም ሌላው እጅ ጋሻ እንደያዘ። ጎራዴም ጦርም ላይ አትሠራም። ገጸ ባሕርያችሁን የጮቄ ሰው ካደረጋችሁት ደግሞ ሽመል ያምርበታል፤ ጎራዴ የመኳንንት ነገር ነው። ማጭድ 1 ወርቅ ነው፣ ባለ 4 ጎን። ጤፍ ለማጨድ ካልሆነ ይለፋችሁ።

ልብስ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የለፋውም ጥሬውም ቆዳ 10 ወርቅ ነው። የለፋው መከላከያ 11 ሲደመር ሙሉ የቅልጥፍና ጭማሪ፤ ጥሬው 12 ሲደመር እስከ 2 ብቻ። ቅልጥፍናችሁ 14 ከሆነ ጭማሪው 2 ስለሆነ 13 እና 14 ይሆናሉ፣ ጥሬው ያሸንፋል። 16 ላይ እኩል ናቸው፤ የለፋው የሚበልጠው 18 ሲደርስ ነው፣ ጀማሪ ድሩይድ ደግሞ እዚያ አይደርስም ማለት ይቻላል። በ2024ቱ ሕግ ግን ጥሬውን ለመልበስ የጠባቂነቱን መንገድ መምረጥ ግድ ነው። የእንጨት ጋሻ 10 ወርቅ ሆኖ 2 ይጨምራል፤ በዚህ ዋጋ የሚወዳደረው የለም።

አስማት መሥሪያ የተቀጽላ ቅርንጫፍ 1 ወርቅ ነው፣ የእንጨት በትር 5። ርካሹ ይበቃ ነበር፤ ሽመልና ጋሻ የያዘ ሰው ግን ተቀጽላውን በየትኛው እጁ ሊያነሣ? በትሩ በ2024ቱ ሕግ ሽመልም ስለሆነ 4ቱ ወርቅ ያዋጣል። በ2014ቱ የምትጫወቱ የጨዋታውን መሪ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለርቀት ወንጭፍ 1 ብር ነው፣ እስከ 120 ጫማ ይደርሳል፤ ጦር 1 ወርቅ፣ እስከ 60። አንዴ ከወረወራችሁት ደግሞ ሄዳችሁ ማንሣት አለ። ማማ ላይ ወፍ የጠበቀ ወንጭፍን አይንቅም።

የመንገደኛው ጥቅል 10 ወርቅ ነው፤ ከዚያ ግማሹ የ10 ቀን ስንቅ ነው። ጉድቤሪ የተባለው ድግምት ካላችሁ እስከ 10 ፍሬ ያወጣል፣ አንዱ ፍሬ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ያውላል። ስለዚህ ሻንጣ፣ መኝታ፣ ገመድ፣ የውኃ አቁማዳና እሳት ማቀጣጠያውን ለየብቻ ግዙ፤ 5 ወርቅ አይሞላም። ጥሬ ቆዳ፣ ጋሻ፣ በትርና ወንጭፍ ሲጨመሩበት 30 ወርቅ አይደርስም።

አውሬ እየሆነ የሚዋጋውን የድሩይድ ዘርፍ፣ የጨረቃን ክበብ፣ መርጣችሁ ተኩላ ሆናችሁ ልትዋጉ ካሰባችሁ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ልብሱና ጋሻው ከአውሬው ሰውነት ጋር ከተዋሃዱ አይከላከሉም። ጋሻውን ትታችሁ ያንን 10 ወርቅ ለፈውስ መድኃኒት አጠራቅሙት፤ አንዱ ጠርሙስ 50 ነው።