መርከብ በርካሽ ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ሰዓቱን ሳታነቡ «እሺ» እንዳትሉ

ዱባይና ሻርጃ ሆናችሁ ወደ ጅቡቲና በርበራ ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሰሞኑን አንድ ደላላ «ለእናንተ ብቻ የምትጫን መርከብ አለች፣ በኮንቴይነር ከምትልኩ በርካሽ ይወጣላችኋል» እያለ በየቢሮው እየዞረ ነው። እኛም ጋ መጥቶ ነበር። ሦስት ሆነን ተከራየን። ቆጠብን ያልነው 15,000 ዶላር ነው። ሳናስበው የከፈልነው ግን ከ50,000 በላይ ሆነ። ስሙን አልጽፍም፣ ምክንያቱም እሱ ቢሄድ ሌላ ይመጣል። ውሉን ግን እወቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቡቲ ላለ ገዢያችን 3,000 ቶን ፌሮና ሴራሚክ ነበረን። መጀመሪያ የጠየቅነው ሌላ ሰው በቶን 53 ዶላር አለን። ይሄኛው ደላላ 48 አለ። አምስት ዶላር በ3,000 ቶን ስታባዙት 15,000 ዶላር ነው። ማን ይጠላል? ከሂሳቡ ሌላ ምንም አላየንም። መርከቧ ትንሽ ናት፣ የራሷ ሁለት ክሬን አላት፣ ፎቶዋ ያምራል። በቃ፣ «እሺ፣ ጨርስ» አልነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም እኛን የበላን አለማወቃችን ነው። የመርከብ ኪራይ ሦስት ዋና ዓይነት አለው። አዲስ አበባ ላይ ላዳ ኮንትራት ይዛችሁ ታውቁ የለ? ከፒያሳ ቦሌ ይህን ያህል ብላችሁ ትስማማላችሁ፣ ነዳጁም ሹፌሩም የእሱ ነው፣ በር ላይ ብታስቆሙት ግን የቆመበትን ይጠይቃችኋል። በመርከቡም ዓለም የዚህ አቻ የጉዞ ቻርተር ነው። ሁለተኛው የጊዜ ቻርተር ነው፤ ሚኒባስ ከነሹፌሩ በቀን እንደ መከራየት። ሹፌሩ የባለቤቱ ነው፣ ነዳጅና የወደብ ክፍያ የእናንተ። ሦስተኛው ባዶ መርከብ መከራየት ነው፤ ቤርቦት ይሉታል። ካፒቴኑን፣ ሠራተኛውን፣ ጥገናውንም ራሳችሁ ትችሉታላችሁ። ይሄኛው የኩባንያ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም፣ እናልፈው።

ለእኛ የተሸጠልን የጉዞ ቻርተር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ጄንኮን የሚባል የታተመ ውል አለ። ያወጣው በ1905 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተቋቋመው የመርከብ ባለቤቶች ማኅበር ቢምኮ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1922 ሲሆን ዛሬም ድረስ የ1994ቱ በብዛት ይሠራበታል፣ 2022 ላይም አዲስ ወጥቷል። የ1994ቱ የፊት ገጽ ሣጥን ሣጥን ነው። ሁላችንም የምናየው ዋጋው ያለበትን ሣጥን 13ን ነው። ገንዘባችሁ የሚሄደው ግን በሣጥን 16 እና በሣጥን 20 በኩል ነው። 16 ለመጫንና ለማውረድ የተሰጣችሁን ጊዜ ይይዛል፣ ሌይታይም ይሉታል። 20 ደግሞ ያ ጊዜ ሲያልቅ በቀን የምትከፍሉትን ዴመሬጅ ይይዛል።

የእኛ ሣጥን 16 ለመጫንም ለማውረድም በድምሩ አምስት ቀን ይላል። ዓርብና በዓል ይቆጠራሉ። ከጎኑ «ዊቦን» የምትል ቃል አለች። ይህችን ቃል በደንብ ያዟት። መርከቧ ማረፊያ አገኘችም አላገኘችም፣ ወደቡ ደጃፍ ደርሳ መልህቅ ጥላ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ ከላከች ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል ማለት ነው። ወረፋው የእናንተ ዕዳ ነው። ሣጥን 20 ላይ ያለው 6,000 ዶላር በቀን ነበር። ያ 53 ዶላር ያለን ሰው በቀን 4,000 ነበር የጻፈው፣ ዓርብንም አይቆጥርም ነበር። እኛ ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገን አላየናቸውም።

ሐምሪያ ወደብ ላይ ጭነቱ ሁለት ቀን ከስድስት ሰዓት ፈጀ። ከአምስቱ ቀን የቀረን ሁለት ቀን ከ18 ሰዓት ነው። መርከቧ ጅቡቲ ደርሳ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስታወቂያውን ላከች። በጄንኮን ደንብ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የተሰጠ ማስታወቂያ ከ7 ሰዓት ጀምሮ ያስቆጥራል። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብ ወደቡ ላይ ያለው ወኪላችን «ወረፋ ነው፣ ጠብቁ» አለን። እኛም አርፈን ጠበቅን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሌይታይማችን አለቀ። ልብ በሉ፣ አንዲት ፌሮ ገና አልወረደችም። መርከቧ ማረፊያ ያገኘችው ማክሰኞ በ7 ሰዓት ነው። አውርዳ የጨረሰችው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት።

ሂሳቡ ስድስት ቀን ከ18 ሰዓት ዴመሬጅ፣ በ6,000 ሲባዛ 40,500 ዶላር። «ዓርብስ? የወደቡ ዕረፍትስ?» ብለን ተከራከርን። አንዴ ዴመሬጅ ውስጥ ከገባችሁ፣ ውሉ ለይቶ ካላስቀረው በቀር፣ በዓል የለ፣ ዝናብ የለ፣ ሁሉም ይቆጠራል። የቆየ የመርከብ ሕግ ነው፣ የለንደን ዳኞች አያዝኑላችሁም። ሐሙስ ጠዋት ላይ የተጠራቀመው 30,000 ሲደርስ «ካልከፈላችሁ የቀረው ፌሮ አይወርድም» አሉን። ውሉ ውስጥ ባለቤቱ ላልተከፈለው ሁሉ ዕቃችሁን የመያዝ መብት አለው። ገዢያችን በር ላይ አሥር የጭነት መኪና አሰልፎ ይደውላል። የዚያን ለት ምሳ ያልበላሁት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከሦስታችን አንደኛው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው ያነሳው። ላክን።

ሌላም አለ። 3,000 ቶን ብለን ነው የተዋዋልነው፣ ሴራሚኩ ዘግይቶ ያደረስነው 2,800 ብቻ ነው። ያልጫናችሁትም ይከፈልበታል። ዴድፍሬይት ይሉታል፣ ለባዶ ቦታ የሚከፈል ኪራይ ነው። ሁለት መቶ ቶን በ48፣ 9,600 ዶላር። ዕቃችሁ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ካላያችሁት በቀር «3,000 ቶን» ብላችሁ አትፈርሙ። «ከአሥር በመቶ በላይ ወይም በታች በተከራዩ ምርጫ» የምትል ሐረግ ብናስገባ ኖሮ ይህን 9,600 ባልከፈልን ነበር። ሌላ ጊዜ እኔ አስገባታለሁ።

አሁን ሣጥን 24ን ተመልከቱ፣ የደላላው ኮሚሽን እዚያ ነው። የእኛው 2.5 በመቶ ነበር። ከኪራዩ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ የታተመው ውል በግልጽ ከኪራይ፣ ከዴድፍሬይትና ከዴመሬጅ ይላል። እኛ ስንጠባበስ እሱ ከ40,500ው ላይ 1,012 ዶላር ከ50 ሳንቲም አገኘ። ደላሎች ሁሉ ክፉ ናቸው አልልም፣ ጠንቅቆ የሚያስረዳ ብዙ አለ። ግን መርከቧ በቆመች ቁጥር የሚያተርፍ ሰው «ወረፋው ምንም አይደለም» ሲላችሁ ለምን እንደሚል እወቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ሰውየው ተመልሶ መጣ። «ከዴመሬጅ የሚያወጣችሁ የጊዜ ቻርተር አለ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ» አለን። አሁንም ይህን ነው እየሸጠ ያለው፣ ለዚህም ነው የምጽፈው። በጊዜ ቻርተር ዴመሬጅ የሚባል ነገር የለም፣ እውነት ነው። የሌለው ግን የቀን ኪራዩ ራሱ ወረፋ ላይም ስለሚሮጥ ነው። ኪራዩ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜ የ15 ቀን በአንዴ። ነዳጁ የእናንተ፣ ወደቡ የእናንተ። ክፍያው በቀኑ ካልገባ ባለቤቱ መርከቡን የመንጠቅ መብት አለው። ፍጥነቷም «ወደ 11 ኖት ገደማ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ያቺ «ገደማ» ብዙ ጊዜ ግማሽ ኖት ትበላለች፣ እናንተ ደግሞ የምትከፍሉት በቀን ነው። ሞተሯ ሲበላሽ ኪራዩ ይቆማል፣ ወደቡ ሲጨናነቅ ግን አይቆምም። ልማድ ያለው፣ በወር በወር የሚጭን ሰው ይጠቀምበት ይሆናል። በዓመት አንዴ ፌሮ ለሚልክ ሰው አይሆንም።

«እኛ እኮ አልፈረምንም» ብለን ነበር። እውነት ነው፣ ወረቀት ላይ አልፈረምንም። ደላላው በዋትስአፕ ዝርዝሩን ላከ፣ እኔ «ኮንፈርምድ» ብዬ መለስኩ። አለቀ። በእንግሊዝ ሕግ፣ ውሎቹ አብዛኞቹ የሚዳኙት በዚያ ነው፣ የመርከብ ኪራይ ያለ ፊርማም ይጸናል። የሚያድናችሁ አንድ ቃል ነው፤ «ሳብጀክት»፣ «ይህ እስኪሟላ ገና አልተስማማንም» እንደማለት ነው። በ1988 ጁኒየር ኬ በተባለች መርከብ ጉዳይ ላይ የለንደን ፍርድ ቤት፣ ስምምነቱ «ለጄንኮን ዝርዝሮች ሳብጀክት» ስለተባለ ውል የለም ብሎ ወስኗል። እናም ሙሉውን ወረቀት አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ በምትልኩት መልእክት ሁሉ ላይ ሳብጀክት ጻፉ። ደላላው ይቸኩላል፣ «መርከቧ ታመልጣለች» ይላል። ታምልጥ።

ማን እንደሚያከራያችሁም እወቁ። በ2021 መጋቢት ላይ ስዊዝ ቦይን ስድስት ቀን የዘጋችውን ኤቨር ጊቭንን ታስታውሳላችሁ። ባለቤቷ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ በጊዜ ቻርተር የያዛት የታይዋኑ ኤቨርግሪን፣ የሚያስተዳድራት የጀርመን ድርጅት፣ ባንዲራዋ የፓናማ። አንድ መርከብ አራት አገር። እንግዲህ «ባለቤቱ ነኝ» የሚላችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ሊሆን ይችላል። እሱ ለእውነተኛው ባለቤት ካልከፈለ መዘዙ ዕቃችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። በነሐሴ 2016 የኮሪያው የመርከብ ኩባንያ ሃንጂን ሲከስር መርከቦቹ ከነዕቃቸው ባሕር ላይ ቆመው ቀርተዋል፣ ወደቦቹ ክፍያችንን ማን ይሰጠናል ብለው አናስገባም ብለው ነበር።

መርከቧ ጭራሽ የሌለችም ሊሆን ይችላል። የአይኤምኦ ቁጥሯን ጠይቁ፣ የእያንዳንዷ መርከብ ዓለም አቀፍ መለያ ነው፣ ሰባት አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 አባዙና ደምሩ፣ የድምሩ መጨረሻ አሃዝ ከሰባተኛው ጋር መመሳሰል አለበት። የኤቨር ጊቭን ቁጥር 9811000 ነው። 63 ሲደመር 48 ሲደመር 5 ሲደመር 4፣ 120 ይመጣል፣ መጨረሻው ዜሮ፣ ይገጥማል። የፈጠራ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ኢክዌሲስ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ ላይ ባለቤቷንና የፍተሻ ታሪኳን እዩ። የኃላፊነት መድን ክለብ ውስጥ መኖሯንም ከክለቡ ድረ ገጽ ራሳችሁ አረጋግጡ፣ ደላላው የላከላችሁን ፒዲኤፍ አትመኑ።

ኪራዩን ቅድሚያ ከከፈላችሁ ደግሞ መርከቧ ብትሰጥምም አይመለስም፣ ውሉ በግልጽ እንደዚያ ይላል። ስለዚህ ዕቃውን ስታስመድኑ ኪራዩንም ጨምሩበት። ከ2023 ኅዳር ጀምሮ ቀይ ባሕር አካባቢ መርከቦች ስለተመቱ ተጨማሪ የጦርነት መድን የሚባል ወጪ አለ፣ በማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። የእኛ ወረቀት ላይ «በተከራይ» ይል ነበር።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ከሦስት ሰው የተሰበሰበ የተደባለቀ ዕቃ መርከብ ሙሉ አይከራይም። በመደበኛ መስመር መርከብ ላይ በቶን ወይም በኮንቴይነር ላኩት፣ ወረፋው የመስመሩ ጉዳይ ይሁን። ኮንቴይነርም የራሱ ዴመሬጅ አለው፣ ግን መርከብ ሙሉ እንደሚቆምባችሁ አይሆንም። የግድ ከሆነ ግን ለመጫንና ለማውረድ ለየብቻ ቀን ጠይቁ፣ ዊቦንም ወረፋን የሚያስቆጥረው የታተመው ሐረግም ይውጣ በሉ፣ ባለቤቱ አልስማማም ካለ ቢያንስ ለወረፋ የሚበቃ ቀን ያስገባላችሁ።

እኛ አሁን እየተከራከርን ያለነው ስለ 1,500 ዶላር ነው። ረቡዕ ለት ከመርከቧ ሁለት ክሬኖች አንዱ ለ12 ሰዓት ያህል ቆሞ ነበር። የክሬኗ ብልሽት በጄንኮን 1994 መሠረት በዴመሬጅ ጊዜም አይቆጠርም፣ ከሁለቱ አንዱ ስለሆነ ግማሹ፣ ስድስት ሰዓት ይቀነሳል። ባለቤቱ «ክሬኑ አልተበላሸም፣ ሠራተኛ ነው ያጣው» ብሎ ጻፈልን። የወደቡ ወኪላችን ግን የሰዓት ዝርዝሩ ወረቀት እንዲፈርም ሲሰጠው ክሬኑ የቆመበትንና የተነሳበትን ሰዓት በእጁ ጽፎ፣ ካፒቴኑንም ከሥሩ አስፈርሞ ነው የተቀበለው። የዚያን ወረቀት ፎቶ ስልኬ ላይ ይዣለሁ። ወኪላችሁን ዛሬውኑ ደውላችሁ እንዲህ እንዲያደርግ ንገሩት። «ኮንፈርምድ» ከማለታችሁ በፊት ደላላው የላከላችሁን ዝርዝር ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።