88 ቮልት የተጻፈበት ድሪል፦ ደሴ ላይ የባትሪ ድሪል ለሚገዛ

መጀመሪያ የቁጥሩን ጉዳይ እንጨርስ። ደሴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ የባትሪ ድሪል የጠየቀ ሰው 36፣ 48፣ 88፣ አልፎ አልፎም 128 የተጻፈበት ካርቶን ይወጣለታል። የአብዛኞቹን ባትሪ ብትፈቱት የምታገኙት አምስት የሊቲየም ሴል ነው። አንዱ ሴል ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሥራ ላይ ሲሆን 3.6 ገደማ ይሰጣል፤ የአምስቱ ድምር 21 እና 18 ነው። ስለዚህ 18፣ 20 እና 21 የሚሉት ድሪሎች ጉልበታቸው አንድ ሰፈር ነው፤ 88 የሚለው የካርቶን ጌጥ ነው። የተሞላውን ባትሪ በቴስተር ለኩት፦ 21 አካባቢ ካነበበ ደህና፣ 12 ላይ ከቆመ ሦስት ሴል ብቻ ነው ያለው። የጃፓኑ የመሣሪያ ብራንድ ማኪታ ደግሞ 88 ቮልት የሚባል ባትሪ የለውም፤ ስሙና ቁጥሩ አንድ ላይ ከተገኙ ዕቃው ማኪታ አይደለም።

አምፔር ሰዓቱም (ባትሪው የሚይዘው መጠን) ላይ እንዲሁ ይዋሻል። በብዛት የሚገባው 18650 የሚባለው ሴል ቢበዛ 3.5 አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። በአምስቱ ብቻ 6 አምፔር ሰዓት አይገኝም፣ አሥር ያስፈልጋል። አንዱ ሴል ወደ 45 ግራም ስለሚመዝን የአሥሩ ክብደት ብቻ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። «ባለ 2» እና «ባለ 4» የተባሉትን ባትሪዎች በግራና በቀኝ እጅ መዝኑ፤ እኩል ከሆኑ አንዱ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው።

መጋረጃ ለመስቀል፣ የተፈታታ ቁም ሳጥን ለመግጠም እውነተኛ 12 ቮልት በቂ ነው፤ ቀላል ነው፣ ጠባብ ቦታም ይገባል። ባሕር ዛፍና ቱቦላሬ ለሚበሳ ግን ባለ 18 ወይም 20፣ አፉ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚነክስ፣ ጉልበቱ ከ45 እስከ 60 ኒውተን ሜትር የሆነ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወርክሾፕ ካርቦን የሌለው (ብራሽለስ የሚባለው) ሞተር የዋጋ ልዩነቱን ይከፍላል፤ ለቤት ግን ካርቦን ያለው ምንም አይልም። ከሁሉ በፊት ባለሱቁን «ባትሪው ብቻውን ይሸጣል ወይ?» በሉት። ቶታልና ኢንግኮ የተባሉት የመሣሪያ ብራንዶች የሚመረጡት በዋናነት ለዚህ ነው፦ የ20 ቮልት ባትሪያቸው በየራሳቸው ግራይንደርና መጋዝ ላይም ይገባል። ባትሪው ለብቻው የማይገኝ ድሪል ባትሪው የሞተ ቀን አብሮ ይጣላል።

ብዙ ሰው የሚያዝነው ግድግዳው ላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ በድሪሉ መዶሻ (እየመታ በሚበሳበት ማርሽ) ሲበሱት ከኋላ በኩል ቅርፊቱ ይገነጠልና ፊሸሩ የሚይዘው ያጣል፣ መደርደሪያው ከነዕቃው ይወርዳል። መዶሻውን አጥፍታችሁ በግንብ ፑንታ ቀስ ብላችሁ ብሱት፤ ለ6 ፊሸር ባለ 6 ፑንታ፣ አታስፉት። የኮንክሪት ኮለን ላይ የባትሪ ድሪሉ ባለ 6 ቀዳዳ ጥቂት ይወጣዋል፤ ከ8 ካለፈ ሞተሩ ይግላል። የድሮ ቤት ጥቁር ድንጋይ ከሆነ ደግሞ በከንቱ አትድከሙ፣ በገመድ የሚሠራ ኤስዲኤስ (ከባድ የመዶሻ ድሪል) ተከራዩ። የብረት ፑንታ ሲሚንቶ ከነካ ስለቱ ያኔውኑ ይሞታል። ቱቦላሬ ላይ ደግሞ መዶሻው ይጥፋ፣ ቦታው በምስማር ይነጠብ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ተጀምሮ ይስፋ፣ ጠብታ ዘይት ይታከል፣ ማርሹ 1 ላይ ይሁን። ደረቅ ባሕር ዛፍ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ቀጭን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ለባለ 5 ብሎን ባለ 3። አለዚያ ይሰነጠቃል።

ሱቁ ውስጥ ቀጥ ያለ ፑንታ አስገብታችሁ በዝግታ አዙሩት፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከዋለለ ተዉት። ማብሪያውን ቀስ እያላችሁ ስትጫኑ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ስትለቁት ወዲያው መቆም አለበት። ክላቹን (ከአፉ ኋላ ያለውን ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት) 1 ላይ አድርጋችሁ ብሎን እንጨት ላይ አስገቡ፤ ሳይጨርስ «ተረረር» ብሎ መልቀቅ አለበት። ካርቦን ያለው ሞተር በቀዳዳው በኩል ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል፤ ቢጫ ቀለበት ከሠራ ግን ችግር አለ።

መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። ከሥራ እንደወጣ የጋለ ባትሪ፣ በተለይ ቆላ ቀመሱ ኮምቦልቻ ላይ፣ ሳይበርድ አይሞላ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አስቀምጡት። ድሪሉ ጀምሮ ወዲያው ቀጥ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የደከመው አንድ ሴል ብቻ ነው፣ ይቀየራል። ሴሉ ግን ከላፕቶፕ የወጣ አይሁን፦ ድሪል ሲጨነቅ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፣ የላፕቶፕ ሴል ለዚያ አልተሠራም፣ ይግላል። በካውያ ሳይሆን በነጥብ ብየዳ የሚያያይዝ ባለሙያ ፈልጉ።