የሕንጻው ፓርኪንግ፦ ኮንክሪት ወይስ አስፋልት?

ለሆቴል ወይም ለገበያ ማዕከል ፓርኪንግ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋ ነው። በብዙ አገር አስፋልት በመነሻው ይረክሳል። እኛ ጋ ግን የአስፋልቱን ጠጠር የሚያጣብቀው ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ሲሚንቶው ደግሞ እዚሁ ይመረታል። ስለዚህ ለሁለቱም ዋጋ አስወጡ።

በፍጥነት አስፋልትን የሚያክል የለም። ተነጥፎ በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ መኪና ይገባበታል። ኮንክሪት ውሃ እየጠጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ሱቃችሁ ክፍት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ፓርኪንግ መንገድ አይደለም፤ መኪናው እዚያው ነው የሚውለው። የቆመ አይሱዙ ሞተር ሥር ጠብ ጠብ የሚለውን ዘይት ልብ ብላችሁ እዩት። ዘይትና ናፍጣ ሬንጁን ያላላዋል። ቀስ በቀስ ጠጠሩ ይለቅና ጉድጓድ ይሆናል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው የቀረውን ይጨርሰዋል። ኮንክሪት ላይ የሚቀረው እድፍ ብቻ ነው።

ጥገናው ላይ አስፋልት ይሻላል፤ የተበላውን ቆርጦ መሙላት ነው። ኮንክሪት በጊዜው መገጣጠሚያ መስመር ካልተቆረጠለት በፈለገው ቦታ ይሰነጠቃል፤ እሱን ማስተካከል ደግሞ ራስ ምታት ነው።

እኔ ብሆን ዕቃ ማራገፊያውንና የጭነት መኪና መቆሚያውን በኮንክሪት፣ የቤት መኪናውን ቦታ በአስፋልት አሠራለሁ። ከሥር ጥቁር አፈር ካለ ግን መጀመሪያ ተቆርጦ ይውጣና በገረጋንቲ ይሞላ። ያ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ኮንክሪቱንም አስፋልቱንም ይሰነጥቃል።