ከታይዋን የገዛኋት ማጉያ መነጽር

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙባት ታጣፊ ማጉያ መነጽር አለች። እኔ የገዛኋት ግን ለድንጋይ ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ተራራው ስወጣ ከመዶሻ ቀጥሎ የማልለያት እሷን ነው።

ጉድለቷን ላስቀድም። ሽፋኗ ላይ «30 እጥፍ» ይላል። ከድሮዋ 10 እጥፍ ማጉያዬ ጋር ጎን ለጎን ሳያት አንድ ናቸው። ለድንጋይ 10 እጥፍ ይበቃል፤ ውሸቱ ግን ያናድዳል። ብሎኗም ቶሎ ይላላል።

መስታወቷ ግን ጥርት ያለ ነው። ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ያዟትና ድንጋዩን ወደ እሷ አምጡ። ብዙ ሰው ድንጋዩ ላይ ደቅኖ ከሩቅ ያያል፤ እንደዚያ ምንም አይታይም።

ከከተማው በስተደቡብ ባለ ሸለቆ፣ አለቱ በገሃድ ከወጣበት ገደል ሥር ሞከርናት። ውጪው በፀሐይና በዝናብ ጠቁሯል። በመዶሻ ፈልጠን ትኩሱን ገጽ አየን፦ ፈዛዛ ቀይ፣ ፍሬዎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ፣ ጠርዛቸው የተሟለጠ፣ መጠናቸው ተቀራራቢ። አንዷ ተማሪ ወዲያው «አሸዋ ድንጋይ» ብላ ደብተሯን ልትዘጋ ስትል አስቆምኳት። መጀመሪያ ቀለሙን፣ የፍሬውን መጠንና ቅርጽ፣ የንብርብሩን ውፍረት ጻፊ፤ ስሙ መጨረሻ ይመጣል። ስሙ ቢሳሳት እንኳ መግለጫው ነገ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ይህን ነገር አጥብቄ ነው የምይዘው።

እዚያ ባገኘነው የኖራ ድንጋይ ላይ ደግሞ የዛጎል ስብርባሪ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዳይኖሰሮች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን እዚህ ባሕር ነበር። ቀጭን አሲድ ጠብ ስናደርግበትም አረፋ ደፈቀ።

ማጉያዋ የማታሳየው ነገር አለ። የዴንማርኩ ሳይንቲስት ስቴኖ በ1669 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። ድሬ ላይ ግን መሬቱ በስንጥቆች ተሰብሮ እንደ ደረጃ ወርዷል። ስለዚህ አንዱ የኖራ ድንጋይ ከታችም ከላይም ሊገኝ ይችላል። ከፍታን ብቻ አይቶ ዕድሜ መናገር አይቻልም። ራቅ ብሎ ገደሉን በሙሉ ማየት፣ መሣልም ያስፈልጋል።

ለተማሪም ለመምህርም ግዙ እላለሁ። ሱቁ ውስጥ ብር አውጡና ጥቃቅን ጽሑፉን እዩባት። ጽሑፉ ዳር ዳሩን ቀስተ ደመና ካበጀ ሌላ አስወጡ። ክርም ግዙላትና አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሏት፤ ድንጋይ መሃል ከወደቀች አትገኝም።