ፍሪሲዮኔን ቤቴ ድረስ መጥቶ ለሠራልኝ መካኒክ

ይህ ጽሑፍ ለአንድ መካኒክ ያለኝ ምስጋና ነው። ስሙን ሳላስፈቅድ እዚህ አላወጣም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን አገናኛለሁ።

የመኪናዬ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያላቅቀው ክፍል፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ፔዳሉን ስረግጠው ልስልስ ብሎ ወለል ድረስ ይወርዳል። ሞተሩ ተነሥቶ እያለ ማርሽ አልገባ ይላል፣ የኋላ ማርሽማ ይንገጫገጫል። ሞተሩን ሳጠፋው ሁሉም ማርሽ ያለ ችግር ይገባል። ቀደም ብሎ ያየው ሌላ ባለሙያ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ብሎኝ ነበር።

ይህኛው ልጅ ግን ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ። «ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ይላል?» አለኝ። አይ፣ ጉልበቱ እንዳለ ነው አልኩት። «እንግዲያው ሸራውን ለጊዜው እንተወው» አለ። ሸራ የሞተሩን ጉልበት ይዞ ወደ ካምቢዮው የሚያሳልፈው የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። ያለቀ ሸራ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። የእኔ ፍሪሲዮን መያዙን ይይዛል፣ እምቢ ያለው መልቀቁን ነው። ቀጥሎ «እስቲ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይርገጡልኝ» አለኝ። ደጋግሜ ስረግጠው ጠንከር አለና ማርሹ ገባ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ለሰለሰ።

እዚህ ላይ ነው ልቤን ያገኘው፤ እያንዳንዱን ነገር አስረዳኝ። ፔዳሉ ላይኛውን ፓምፕ ይገፋል። ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያለውን ታችኛውን ፓምፕ ይገፋል። እሱ ደግሞ ሸራውን የሚያስለቅቁትን ሹካውንና ኩሽኔታውን ይገፋል። ዘይት ቢጫኑት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ የእግራችን ጉልበት አየሩን በማመቅ ያልቃል፣ ሹካው የሚገባውን ያህል አይገፋም። ደጋግሞ ሲረገጥ ከተሻለው፣ ጥርጣሬው ከሸራው ይልቅ ወደ ዘይቱ መስመር ይሄዳል።

ማጠራቀሚያውን ከፈተ፤ ዘይቱ ጎድሏል፣ ቀለሙም ጠቁሯል። ፔዳሉ ሥር በእጁ ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ጎማዎቹን አስደግፎ፣ መኪናውን በማቆሚያ ላይ አሳርፎ ሥሩ ገባ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አልገባም ማለቱን በጣም ወደድኩለት። የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ ጎማ ገለጥ ሲያደርገው ዘይት ተንጠባጠበ። ተገኘ! ሁለቱም ፓምፖች ደረቅ ሆነው ፔዳሉ ቀስ እያለ ቢወርድ ኖሮ ላይኛውን እጠረጥር ነበር አለኝ፤ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የውስጥ ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) ሲያልቅ ወደ ውጭ ሳይፈስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይመልሳልና።

ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። እሱ ግን ፓምፑን ፈትቶ ውስጡን አሳየኝ። ዝጓል፣ ተቧጥሯል። እንዲህ ያለ ግድግዳ አዲሱን ጎሚኒ ቶሎ ይበላዋል። ሙሉውን ፓምፕ ቀየርነው። የእኔ ፍሪሲዮን የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ከቆየ ከውስጥ ያዝጋል፤ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ያወጣውም ለዚህ ነው። የሞላው ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ነው፤ በእኔ መኪና ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ። የሞተር ዘይት እዚህ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ አካባቢውን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር።

አየሩን ያስወጣነው አብረን ነው። ታችኛው ፓምፕ ላይ ባለችው ማስተንፈሻ ቡሎን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰካ፣ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከረ። እኔ እረግጥና ይዤ እቆያለሁ፣ እሱ ይከፍታል፣ አረፋ ይወጣል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ብቻ እግሬን አነሣለሁ። ሳይዘጋ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። በየመሃሉ ማጠራቀሚያውን ይሞላል። አረፋው ሲያቆም ፔዳሉ ጠነከረ፣ ማርሹም እንደ ቅቤ ገባ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፍሬኑንም ሳይፈትሽ አልሄደም። በእኔ መኪና፣ እንደ ብዙዎቹ፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ዘይት ማጠራቀሚያ አንድ ነው። ይህን ማንም አላዘዘውም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

የምትደውሉለት ካላችሁ ሦስት ነገር አዘጋጁለት፦ ፔዳሉ ተረግጦ ይቀራል ወይስ ይመለሳል፣ ዘይቱ ይጎድላል ወይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ይገባል ወይ። አንዳንድ መኪኖች ላይ ታችኛው ፓምፕ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ቤት ውስጥ እንደማይሠራ በስልክ ይነግራችኋል፣ በከንቱ አያመላልሳችሁም።