ከደምበጫ ሆኜ ከማርቆስ ጨርቅ ማዘዝ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ደምበጫ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ደብረ ማርቆስ ስላለ አንድ የጨርቅና የስፌት ዕቃ ሱቅ ነው። ትእዛዝ በቴሌግራምና በስልክ ይቀበላል፣ ክፍያም በስልክ ይወስዳል፣ ዕቃውን በመኪና ይልካል። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። የሙያ ጓደኞቼ ግን ስለየትኛው እንደማወራ ቶሎ ይገባቸዋል።

ጥሩውን ላስቀድም። ዋጋ ይጽፋሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቴሌግራም የሚሸጡ ብዙ ሱቆች ፎቶውን ይለጥፉና ዋጋ ስትጠይቋቸው «በውስጥ መስመር» ይሏችኋል። በውስጥ መስመር ደግሞ ለአንዷ አንድ ዋጋ፣ ለሌላዋ ሌላ ዋጋ ነው። እዚህ ግን ከፎቶው ሥር የሜትሩ ዋጋ፣ የጨርቁ ስፋትና የቀረው ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ስፋቱን መጻፋቸው በተለይ ደስ ይለኛል። ወርዱ 1.50 የሆነ ካኪና ወርዱ 1.15 የሆነ ካኪ ለአንድ ኮት የሚፈጁት ሜትር በጣም ይለያያል። ይህን የሚጽፍ ሰው ስፌት ያውቃል ማለት ነው።

ትእዛዝ የምትቀበለው አንዲት ወጣት ናት። «እትዬ» ነው የምትለኝ። ፎቶ ብቻ ልካ አታበቃም። ጨርቁን በእጇ ጨምድዳ ስትለቀው የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ትልካለች፤ ቶሎ የሚጨማደድ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ገበር ስጠይቃት ሳስቶ እንደሆነ ለማየት በብርሃን ላይ ዘርግታ ታሳየኛለች። ዚፕ ካዘዝኩ ርዝመቱን በሜትር ገመድ ላይ አድርጋ ፎቶ ታነሳለች። ሜትር አጉድላብኝ አታውቅም፤ እንዲያውም ትንሽ ለቀቅ አድርጋ ነው የምትቆርጠው።

መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ክፈይ አላሉኝም። ግማሹን ልኬ ቀሪውን ዕቃው እጄ ሲገባ ነበር የምከፍለው። ይህ ነው የያዘኝ። የማላውቀው ሱቅ ሙሉ ገንዘብ ቀድሜ እንድልክለት ቢጠይቀኝ ኖሮ እዚያው ላይ ይበቃኝ ነበር። አሁን ተዋውቀናል፣ ሙሉውን እልካለሁ። ዕቃው ሲጫን የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ትልክልኛለች። መኪናው አማኑኤልን ሲያልፍ ረዳቱ ይደውላል፣ እኔም መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ለረዳቱ የምከፍለው 50 ብር ነው፤ ዕቃው ከበዛ ይጨምራል።

ይህን ከመጀመሬ በፊት እንዴት እንደነበር ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ የሚሰፋ ሰው ያውቀዋል። አንድ ዚፕ በቀለሙ ጠፋ ማለት አንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው። ሱቅ ተዘግቶ፣ መኪና ተጠብቆ፣ ማርቆስ ተውሎ ማታ ይገባል። የደርሶ መልሱና የምሳው ወጪ አንዳንዴ ከሚገዛው ዕቃ ይበልጣል። በነሐሴና በመስከረም ዩኒፎርም የሚያሰፉ ወላጆች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ሱቅ ዘግቶ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ገንዘቡም አለ። ብር መቀነት ውስጥ ቋጥሮ መኪና ላይ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለጎጃም ሰው አይነገረውም። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲቆም፣ መሄድ ራሱ የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ስለዚህ እኔን ወደ ስልክ ግዢ ያስገባኝ ዘመናዊነት አይደለም። መንገዱ ነው።

የመክፈያው ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ባንኮቹም ሲቢኢ ብርን የመሳሰሉ የየራሳቸው አላቸው። በከተማ ሰው ዘንድ ወሬው ሁሉ ስለ መተግበሪያው ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩን ያዳረሰው *127# የሚባለው የቴሌብር አጭር ቁጥር ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ውድ ስልክም አይፈልግም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘች የጓሮ ጎመን ሻጭም ትከፍልበታለች፣ ትቀበልበታለች። ምርጫዎቹን በአማርኛ ስለሚያወጣም ልጅ መጥራት ሳያስፈልግ የሚጠቀም አዋቂ አለ።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ልዩነቱ በደንብ ታየ። ቴሌግራም ጸጥ አለ። ፎቶ የለ፣ ቪዲዮ የለ። ያም ሆኖ ኔትወርክ በሚሠራበት ቀን ለልጅቷ እየደወልኩ «ያ ባለፈው የወሰድኩት ጥቁር ቴትሮን፣ አምስት ሜትር» እላታለሁ፣ በ*127# እከፍላለሁ፣ መኪና ካለ ይመጣል። የስልኩ መስመር ጭምር በጠፋባቸው ቀናት ግን ሁሉም ነገር ቆመ። ስልክን የግብይት መንገድ ያደረገ ከተማ ኔትወርክ ሲጠፋበት ገበያው ነው የሚጠፋበት። ይህን የሚመለከታቸው ሁሉ ቢያስቡበት እመኛለሁ።

ከከተማችን ሰዎች ቀድመው የለመዱት ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። በ2015 ነዳጅ በስልክ ካልሆነ አይቀዳም ሲባል አማራጭ አልነበራቸውም። እነሱ ሲለምዱ ተሳፋሪውን «ዝርዝር ከሌለሽ በስልክ ላኪልኝ» ማለት ጀመሩ። ዝርዝር መቼም የሁላችንም ራስ ምታት ነው። ባለሱቁ አምስት ብር መልስ አጥቶ ማስቲካ የሚሰጥበት ጊዜ ቀነሰ። በግዴታ የገባው ነገር እንዲህ በጥቅሙ ቀረ።

የእኔን ደንበኞች ያስገባቸው ግን ልጆቻቸው ናቸው። አንድ አያ የምላቸው የገጠር ደንበኛ አሉኝ። በየዓመቱ ለጥምቀት አረንጓዴ ቁምጣና ኮት ያሰፋሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ ይሠራል። ድሮ ለአባቱ ገንዘብ በሰው ይልክ ነበር፤ ከሚደርሰው ላይ ግማሹ ለሌላ ነገር ይውላል፣ ልብሱ ይቀራል። አሁን ልጁ በቀጥታ ለእኔ ይከፍላል፣ «ለአባዬ ልኩን ለኪልኝ» ብሎ ይደውላል። አያ መጥተው ይለካሉ። እኔ ያንኑ ገንዘብ ሳላወጣው ለካኪው ወደ ማርቆስ እልከዋለሁ። ከአዲስ አበባ ደምበጫ፣ ከደምበጫ ማርቆስ፣ በመሀል አንድም ወረቀት ብር አልተቆጠረም። የቴሌብር ወኪሎች ጥሬ ብር በሚያልቅባቸው ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ገንዘቡን እዚያው እያዞርኩ ስለምሠራበት የወኪል ደጅ አልጠናም።

ነጋዴው ለምን ገባበት ብትሉ፣ ደንበኛው ስለጠየቀው ነው። ቀጥሎ ደግሞ ብድሩ መጣ። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚል አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የሚል ሲጎድል የሚሞላ አገልግሎት አለው። መያዣ አይጠይቅም፤ የሚመዘነው ሰውየው በስልኩ ባንቀሳቀሰው ገንዘብ ነው። ቤት ለሌላት፣ መሬት ለሌላት ሰፊ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ባንክ ደጅ የቆመች ታውቃለች። ወለዱንና መመለሻ ቀኑን ሳታዩ ግን እንዳትነኩት።

የማይገቡበትም አሉ። ምክንያታቸውን በግልጽ ይነግሩኛል፤ ግብር ይፈራሉ። የሚገባው ሁሉ ተመዝግቦ ይታያል ብለው ነው። ፍርሃቱን እረዳለሁ፤ ግን ለእኔ መዝገቡ ጠቅሞኛል። ማን እንደከፈለ፣ ማን ቀብድ ብቻ እንደሰጠ ስልኬ ውስጥ አለ። በደብተር ዘመን ስንቱ ደንበኛ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ።

አሁን ወደ ሱቁ ቅሬታዬ። የመጀመሪያው ቀለም ነው። ለሠርግ የታዘዘ ጥቁር አረንጓዴ ካኪ በቪዲዮው ላይ ያየሁት ሌላ፣ ከማዳበሪያው ያወጣሁት ሌላ ሆነ። ሳር የሚመስል ብሩህ አረንጓዴ። ለመቀየር አላንገራገሩም፣ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የመመለሻውንም የመምጫውንም ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት። ይህ ትክክል አይደለም። ያሳዩኝ እነሱ ናቸው፣ የላኩት እነሱ ናቸው። ኪሳራው የእነሱ መሆን ነበረበት፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ለጠየቀ ሰው ቁራጭ ናሙና ቀድመው ይልካሉ። ለጠየቀ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ክፍያ የሚቀበሉት በግል ቁጥር ነው፤ የነጋዴ ቁጥር የላቸውም። አንድ ጊዜ «ቁጥር ቀይረናል» የሚል መልእክት በቴሌግራም መጣ። ደውዬ የልጅቷን ድምፅ ሳልሰማ አልላክሁም። እውነትም የእነሱ ነበር። ግን አጭበርባሪ የሚጠቀመው ልክ ይህንኑ ዘዴ ነው፤ ታማኝ ሱቅ ደንበኛውን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ውስጥ መክተት የለበትም። በሱቁ ስም የነጋዴ ቁጥር ቢያወጡ ስሙ ከመክፈሌ በፊት ስክሪኑ ላይ ይታየኛል። ደረሰኝም ስጠይቅ ዛሬ ነገ ይላሉ።

በእነሱ በኩል ያለውን ጥንቃቄ ግን ወድጄዋለሁ። ስክሪንሾት ልኬ «ከፍያለሁ» ስል ልጅቷ «እሺ እትዬ፣ እኔም ጋ ሲገባ እነግርሻለሁ» ትላለች። የራሷን መልእክት ሳታይ፣ ቀሪ ሂሳቧን ሳታረጋግጥ ዕቃ አትጭንም። እኔም ሱቄ ውስጥ ይህንኑ አደርጋለሁ። ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት እያሳዩ ዕቃ የሚወስዱ ሰዎች ስላሉ ማንም በዚህ ቅር ሊሰኝ አይገባም።

ከ11 ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። ቅዳሜ ደግሞ መልስ ይዘገያል።

ለሰፊዎች የምለው፣ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ገበርና ከዚህ በፊት የምታውቁትን ጨርቅ ከዚህ ሱቅ ያለ ስጋት እዘዙ። አዲስ ቀለም ከሆነ ናሙና ሳይደርሳችሁ ሙሉ ገንዘብ አትላኩ። ለሀበሻ ቀሚስ የሚሆን ጥለትና መነን ግን በዓይንና በእጅ ነው የሚመረጠው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ራሳችሁ ማርቆስ ውጡ። የጥር ሠርግ ላለበት ሰው ደግሞ ትእዛዙ ከገና በፊት ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ጥሩው ካኪ ያልቃል።