የአውሮፕላን አደጋ ሪፖርት ለሞተር ሰው

ሥራዬ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬ ላይ የማነበው ግን የአውሮፕላን ነገር ነው። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪ ቢሮ በየወሩ በነፃ የሚያወጣው ጥራዝ አለ። ለሞተር ሰው ከዚህ የሚጥም ንባብ አላገኘሁም።

እኔን የሚስበኝ የትንንሾቹ አውሮፕላኖች ታሪክ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ገና ማንገራገር ሲጀምር፣ አብራሪው «ሳይብስ ልውረድ» ብሎ ሜዳ ይመርጣል። የጥንቃቄ ማረፍ ይሉታል። ተገዶ ማረፍ ሌላ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 እርግቦች ሁለቱንም ሞተሮች ሲያበላሹበት አብራሪው ምን ምርጫ ነበረው? ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ሞተር ካለ ግን ዝቅ ብሎ ዞሮ ሜዳውን ማየት ይቻላል። ያም ሆኖ ከላይ ለጥ ያለ የመሰለው ሜዳ ሲወርዱበት ጭቃ ወይ ትልም ይሆናል። የፊት ጎማው ይሰምጥና አውሮፕላኑ ይገለበጣል።

ጉዱ ያለው ምርመራው ላይ ነው። አንዳንዴ ከአደጋው በኋላ ሞተሩን ሲያስነሱት ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ካንዴላው ደህና፣ ቤንዚኑ ንጹሕ። ታዲያ ምን ነካው? በረዶ! ቤንዚን ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ሲተን አየሩን ከ20 ዲግሪ በላይ ሊያቀዘቅዘው ይችላል። እርጥበት ካለ በሞቃት ቀን እንኳ በረዶ ይጋገርና የአየር መግቢያውን ያንቃል። መርማሪ እስኪደርስ ቀልጧል። ስለዚህ የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት በረዶ መቼ እንደሚጋገር ከሚያሳይ ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክራሉ፤ አብራሪው የካርቡሬተር ማሞቂያውን መቼ እንደሳበም ያያሉ። እኛ ሰፈር ቢሆን «የሹፌር ጥፋት» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር። እነሱ ጥፋተኛ አይፈርጁም። የአብራሪውን ስም እንኳ አይጽፉም፤ ዕድሜውን፣ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ ባለፉት 90 እና 28 ቀናት ደግሞ ስንት እንደበረረ ብቻ።

ቅሬታም አለኝ። ብዙዎቹ አጫጭር ሪፖርቶች አብራሪው ራሱ ሞልቶ በላከው ቅጽ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። «ማሞቂያውን ስቤያለሁ» ካለ አለቀ። እኔ ደንበኛ «ዘይት ቀይሬያለሁ» ሲለኝ መለኪያውን መዝዤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ ነው የማምነው። ከፍታውን በሜትር ፈንታ በጫማ (ፊት)፣ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር ፈንታ በኖት መጻፋቸውም ያደክማል።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ሙሉውን ጥራዝ ግን አታውርዱ፣ ዳታ ይጨርሳል። የፈለጋችሁትን አውሮፕላን ሪፖርት ለብቻው ማውረድ ይቻላል።